ደምን በግምት ወይስ በመስመር? የወሊድ ደም መለኪያ ድሬፕ ለደሴና ለኮምቦልቻ ማዋለጃ ክፍሎች ሲገመገም

ድሬፕ የሚባለው ከወላዷ ሥር የሚነጠፍ ስስ ፕላስቲክ ነው። ጫፉ እንደ ከረጢት ሆኖ ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ከረጢቱ ላይ ደግሞ የሚሊ ሊትር ልክ ታትሞበታል። ሞተር የለውም፣ ባትሪ አይፈልግም። ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ እናቲቱ ከወለደች በኋላ ምን ያህል ደም እንደፈሰሳት በግምት ሳይሆን በቁጥር ማሳየት።

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ሆስፒታልም ሆነ ጤና ጣቢያ፣ በተፈጥሮ መንገድ (ያለ ቀዶ ጥገና) የሚያዋልድ ተቋም ሁሉ ቢገዛው የሚጠቀምበት ዕቃ ነው። ግን ማህፀንን የሚያኮማትረው መድኃኒት ኦክሲቶሲኑ ከፍሪጅ ውጭ የሚውል ከሆነ፣ ደም መፍሰስን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲዱ ፋርማሲ ተቆልፎበት ቁልፉ ከተረኛው ጋር ወደ ቤት የሚሄድ ከሆነ፣ ድሬፑ አዋላጇን የእናቲቱን ደም ቆሞ ከማስቆጠር በቀር የሚያደርግላት ነገር የለም። ይህን የምንለው ለማስፈራራት ሳይሆን በጥናት የታየ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ውጤቱ የወጣ፣ በ13 የአውሮፓ አገሮች የተካሄደ ትልቅ ሙከራ ነበር። ግማሾቹ ማዋለጃዎች ደም መሰብሰቢያ ከረጢት ተሰጣቸው፣ ግማሾቹ በዓይን ግምት ቀጠሉ። ከባድ የደም መፍሰስ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳየም። ከረጢቱ ተሰጠ እንጂ ከዚያ በኋላ ምን ይደረግ የሚለው አብሮ አልተሰጠም ነበር።

ከ13 ዓመት በኋላ ኢ-ሞቲቭ የተባለው ጥናት ያንኑ ዓይነት ፕላስቲክ ይዞ መጣ። የመራው በእንግሊዝ የሚገኘው የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ሆኖ ነው። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ ባሉ 80 ሆስፒታሎች 210,132 ወላዶችን አካቷል። የዚህኛው ልዩነት ደሙ መስመሩን በነካ ቁጥር መደረግ ያለበት ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲጀመር፣ መድኃኒቱም ከአልጋው አጠገብ እንዲሆን መደረጉ ነበር፤ ይህ ነው የሕክምና ጥቅል የሚባለው። ድሬፑንና ጥቅሉን በተጠቀሙት ሆስፒታሎች ከወሊድ በኋላ ደም ከፈሰሳቸው እናቶች 93 በመቶው ተለይተው ታወቁ፤ በተለመደው አሠራር በቀጠሉት ግን 51 በመቶው ብቻ። ከባድ መዘዝ፣ ማለትም ከ1,000 ሚሊ ሊትር በላይ ደም መፍሰስ፣ በደም መፍሰስ ምክንያት ሆድ መከፈት ወይም በዚያው ምክንያት መሞት፣ ከ4.3 በመቶ ወደ 1.6 በመቶ ወረደ። ለጥንቃቄ ያህል፣ ከዚህ ቁጥር አብዛኛውን የያዘው የከባድ ደም መፍሰስ መቀነስ ነው። ሞትን ለብቻው ነጥሎ ለማረጋገጥ የሞቱት እናቶች ቁጥር አነስተኛ ነበር። ስለዚህ «ድሬፕ ሞትን በ60 በመቶ ይቀንሳል» የሚል ሻጭ ካጋጠመ ያልተባለውን እየተናገረ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 መጨረሻ ያወጣው ምክርም የሚለው መለኪያውና የሕክምና ጥቅሉ አብረው ይሁኑ ነው።

ከደሴ ሆኖ የብሪታንያን የእናቶች ሞት ታሪክ ማንሳት ሩቅ አገር መሄድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ይህን ፕላስቲክ ለመመዘን ከዚያ የተሻለ ሚዛን አላገኘንም። በእንግሊዝና በዌልስ እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ ድረስ ከ100,000 ወሊድ ከ400 በላይ እናቶች ይሞቱ ነበር። ይህ በኢትዮጵያ የ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገኘው 412 ብዙም አይርቅም። (በ2000 የነበረው የእኛ ቁጥር 871 ነበር፤ የወረድነው ቀላል አይደለም።) የሚያስገርመው ያኔ እንግሊዝ ባቡር፣ የቧንቧ ውሃ፣ ብዙ ሐኪምና ሆስፒታል የነበራት አገር መሆኗ ነው። የሕፃናት ሞት ከክፍለ ዘመኑ መጀመሪያ አንስቶ ሲወርድ የእናቶቹ ግን ንቅንቅ አላለም። በአንዳንድ ከተሞችማ የሀብታሞቹ ሰፈር እናቶች ከድሆቹ የባሰ ይሞቱ ነበር፤ ሐኪም ቶሎ ቶሎ ስለሚገባባቸውና ያለ ምክንያት በመሣሪያ ስለሚያዋልዳቸው። ጠቅላላ ኑሮ መሻሻሉ ብቻ እናትን አላዳናትም።

ከዚያ በኋላ ግን ቁጥሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁልቁል ወረደ። በ1936 ለንደን በሚገኘው ኩዊን ሻርሎት ሆስፒታል ኮልብሩክ የተባለው ሐኪም ፕሮንቶሲል የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በወሊድ ኢንፌክሽን በተያዙ እናቶች ላይ ሞክሮ የሞቱን ቁጥር ሲቀንስ አየ። ከአንድ ዓመት በፊት ቻሳር ሞይርና ደድሊ ማህፀንን የሚያኮማትረውን ኤርጎሜትሪንን ለይተው አውጥተው ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ደም መለገስና መስጠት ተደራጀ፤ ቀጥሎ ፔኒሲሊን መጣ። በ1950 ቁጥሩ ከ100 በታች ገባ። ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ በጣም የሚጠቅመው ብዙም የማይነሳው ነው፦ በስኮትላንድ ቤልሺል በ1933፣ ቀጥሎም በኒውካስል፣ ሐኪም፣ አዋላጅና ደም የያዘ ቡድን እናቲቱ ወዳለችበት ቤት በመኪና መሄድ ጀመረ። እየደማች ያለችውን ሴት ከማንከራተት ደሙ ወደ እሷ ይሂድ ነበር አሠራሩ። ወደዚህ ነጥብ ስለ ኮምቦልቻ መንገድ ስናወራ እንመለሳለን።

ሌላው በ1952 የተጀመረው ምርመራ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የሞተች እናት ሁሉ ጉዳይዋ ስሟ ተሰውሮ በባለሙያዎች ይታያል፤ ማን አጠፋ ሳይሆን ምን ቀረ ተብሎ ይጠየቃል። ዛሬም መላውን ብሪታንያ ይዞ ቀጥሏል። ሪፖርቶቹ ስለ ደም መፍሰስ በየዘመኑ ደጋግመው የሚያነሱት ሁለት ነገር አለ፦ የፈሰሰው ደም አንሶ ተገመተ፣ እርምጃውም ዘገየ። የወሊድ ክፍላቸው ሙሉ፣ የደም ባንካቸው ቅርብ የሆኑ ሰዎች ይህን ስህተት ከሠሩ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በአንድ አምፖል ብርሃን ምጥ ላይ ያሉ ሁለት እናቶችን የያዘች አዋላጅ ብትሠራው አይፈረድባትም። የሚፈረደው መለኪያውን ባልሰጣት ላይ ነው።

የብሪታንያ ቁጥር ከዚያ ወዲህ ወርዶ ወርዶ በ2012–14 ከ100,000 ወላድ ወደ 8.5 ደርሶ ነበር። ከዚያ ግን ተመልሶ ወጣ፦ በ2020–22 13.41፣ ኮቪድ ቢወጣለት እንኳ 11.54። በ2021–23 ደግሞ 12.67። በዚያ ጊዜ ቀዳሚ የሆነው ገዳይ በደም ሥር ውስጥ የሚረጋ ደም ነበር፤ የልብ በሽታና የአእምሮ ጤና ችግርም ብዙ እናቶችን ይወስዳሉ። የጥቁር እናቶች ሞትም በ2020–22 ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ነበር፤ በ2021–23ም ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር። ደም መፍሰስ ዝቅ ብሎ የሚገኘው የእንግሊዝ ሴት ስለማትደማ አይደለም፤ ስትደማ ስለሚደረስላት ነው። (የእነሱ ቁጥር የሚሰላው በወላድ ሲሆን የሞት መዝገብ እያገናኙ ነው፤ የእኛ የ2016ቱ በቤት ለቤት መጠይቅ፣ ያውም በሕይወት በተወለዱ ሕፃናት ነው። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይህ ይታወስ።)

አሁን ወደ ዕቃው። ሐሳቡ መስመር የያዘው ከሕንድ ነው፤ በካርናታካ ግዛት ቤልጋም ላይ የተሠራውና በ2006 ውጤቱ የወጣው ድሬፕ፣ በዓይን የሚሰጥ ግምት በመለኪያ ከሚገኘው በሲሶ ያህል እንደሚያንስ አሳይቶ ነበር። ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ውሃ ነጠላ ላይ ቢደፋ ምን ያህል እንደነበር መናገር ያስቸግራል፤ ደሙም እንዲሁ በማኪንቶሽ (አልጋ ላይ በሚነጠፈው ላስቲክ)፣ በጎዝ፣ በባልዲና በወለል ሲበተን ይጠፋል። አዋላጇ የምትሳሳተው ደግሞ የፈሰሰው በበዛ ቁጥር ይበልጥ ነው።

ጥሩ ድሬፕ አራት ነገር ሊያሟላ ይገባል። ሰፊ መነጠፊያ፣ ከወገብ ወይም ከአልጋ ጋር የሚታሰር ማሰሪያ፣ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ የሚጠብ መሰብሰቢያ፣ እና ከሁሉ በላይ ውስጡን ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ከረጢት። ልኩ በየ100 ሚሊ ሊትሩ ይታተምና በ300 እና በ500 ላይ ደመቅ ያለ መስመር ይኖረዋል። 300 ላይ ያለው የማስጠንቀቂያ፣ 500 ላይ ያለው የእርምጃ ነው። እነዚህ ሁለት መስመሮች የሌሉበት፣ ዝም ብሎ ቁጥር ብቻ የደረደረ ሥሪት ሲቀርብ ባይገዛ ይሻላል። አዋላጅ በድካም መካከል ቁጥር አንብባ ከምታሰላ መስመር ስታይ ትነሳለች። ፕላስቲኩ ነጭ ድፍን የሆነም አለ፤ እሱ ከማኪንቶሽ የሚለይበት ዋጋው ብቻ ነው።

አነጣጠፉ ላይ ብዙ ስህተት ይፈጠራል። ሕፃኑ ሳይወጣ ከተነጠፈ የእንሽርት ውሃው ይገባበትና ገና ከመጀመሪያው 400 አነበበ ይባላል። ስለዚህ ሕፃኑ ወጥቶ ውሃው ከፈሰሰ በኋላ፣ የእንግዴ ልጁ ሳይወጣ በፊት ይነጠፋል። አስቀድሞ ተነጥፎ ከሆነ ደግሞ ውሃው እንዲደፋ ወይም ልኩ ተጽፎ እንዲቀነስ ያስፈልጋል። ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት በጡንቻ የሚሰጠው በዚሁ አንድ ደቂቃ ውስጥ ነውና ሁለት ሰው ቢኖር አንዷ መርፌውን፣ አንዷ ድሬፑን ትይዛለች። ብቻዋን የሆነች አዋላጅ መጀመሪያ መርፌውን ትስጥ። «እናቴ፣ ተገላገልሽ። ይቺ ፕላስቲክ የሚፈስሽን ደም የምንለካባት ናት፤ ወገብሽን ትንሽ ከፍ አድርጊልኝ» ብሎ መናገር ነገሩን ያቀልለታል፤ ሳይነገራት ቀዝቃዛ ፕላስቲክ የገባባት እናት ትሸሸዋለች፣ ስትንቀሳቀስም ደሙ ወደ ጎን ይፈስሳል።

የሽንት ፊኛ ባዶ መሆን አለበት። ሽንት ከረጢቱ ውስጥ ከገባ ንባቡ ይበላሻል፤ የሞላ ፊኛም ማህፀን እንዳይኮማተር ስለሚከለክል ራሱ ደም ያስፈስሳል። የእንግዴ ልጁ ከረጢቱ ውስጥ ወድቆ ከሆነ ይውጣ፣ እሱም ቦታ ይይዛልና። የረጋ ደም ግን ይቆይ፤ እሱ ደም ነው።

ከረጢቱ ከአልጋው ጠርዝ በነፃነት መንጠልጠል አለበት። በጤና ጣቢያዎቻችን ሁሌ የሚገጥመው ይህ ነው፦ የማዋለጃ አልጋው ከታች የሚነሳ ክፍል የሌለው ወይም የማይነሳ ሆኖ ከረጢቱ ፍራሹ ላይ ተኝቶ ይቀራል። የተኛ ከረጢት ንባቡ ከእውነቱ ሊርቅ ይችላል፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ሲሰፋ መስመሩ የተሰላበት ቅርጽ ስለሚቀየር ነው። መፍትሔው እናቲቱን ወደ አልጋው ጫፍ ማምጣትና ከጀርባዋ በትራስ ከፍ ማድረግ ነው። ንባቡም ዓይንን ከደሙ ገጽ ጋር አስተካክሎ እንጂ ቁልቁል እያዩ አይደለም።

በየ15 ደቂቃው ለአንድ ሰዓት ይነበባል፤ ደሙ ካልቆመ እስከ ሁለት ሰዓት። በየንባቡ ከረጢቱ ላይ በማርከር ጭረት አድርጎ ሰዓቱን መጻፍ ቀላልና በጣም የሚጠቅም ልማድ ነው። በ15 ደቂቃ 250 ደርሶ ከዚያ የቆመና በየ15 ደቂቃው 100 እየጨመረ 400 የደረሰ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ጭረቶቹ ይህንን ያሳያሉ። አብሮም የልብ ምት፣ የደም ግፊትና የማህፀን ጥንካሬ ይታያል። 300 ደርሶ የልብ ምቱ ከ100 ካለፈ ወይም የላይኛው ግፊት ከ100 በታች ከወረደ፣ ወይም ማህፀኑ ልፍስፍስ ካለ፣ 500ን መጠበቅ የለም።

ትልቁ ክፍተት እናቲቱ ከማዋለጃ አልጋ ወደ ማረፊያ ስትዛወር ነው። አልጋ ስለሚጠበቅ፣ በተለይ በተጨናነቀ ሌሊት፣ የእንግዴ ልጁ እንደወጣ ድሬፑ ይጠቀለልና ይጣላል፤ ንባቡ 200 ተብሎ ይመዘገባል። የቀረው በማረፊያው ፍራሽ ላይ ነው የሚፈሰው። ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ድሬፑ መነሳት የለበትም። ከዚያ በኋላም ፓዱ ይመዘን። አንድ ግራም ደም አንድ ሚሊ ሊትር ተብሎ ይያዛል፤ ደረቁ 20 ግራም የሆነ ፓድ ደም ጠጥቶ 170 ግራም ከመዘነ 150 ሚሊ ሊትር ነው። የደረቅ ጎዝና የደረቅ ፓድ ክብደት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ለዚህ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይበቃል፤ የሕፃን ሚዛን በ50 ግራም ወይም ከዚያ በላይ የሚዘል ከሆነ አይሆንም።

የቤተሰብ ጨርቅም ይታሰብበት። ሴት ዘመዶች አፍረው ወይም ለማገዝ ብለው የደማውን ጨርቅ ቶሎ ጠቅልለው ይደብቃሉ፤ በወሎ እናትና አማት፣ አንዳንዴም ከእነ ጎረቤቱ፣ አልጋው አጠገብ የሚሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው። «እማማ፣ የደማውን ጨርቅ እንዳይጥሉብን፤ በዚህች ፌስታል ያድርጉልን» ብሎ ፌስታሉን መስጠት ከድሬፑ እኩል ደም ያስለካል።

ድሬፑ የማያየው ነገር መኖሩ አይዘንጋ። ማህፀን ውስጥ ተጠራቅሞ የቀረ ደም፣ ከቆዳ ሥር በብልት ግድግዳ ውስጥ የተቋጠረ ደም፣ የተተረተረ ማህፀን ወደ ሆድ የሚያፈስሰው ደም አንድም ጠብታ ከረጢቱ ውስጥ አይገባም። ከረጢቱ 150 እያለ የልብ ምቷ 120 የሆነ እናት ድሬፑን ሳይሆን እሷን ማየት ነው። ለዚህ ጥሩ ጓደኛ የሚሆነው በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ የተነደፈው የክሬድል ግፊት መለኪያ ነው፤ የልብ ምትን ለላይኛው ግፊት አካፍሎ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ መብራት ያበራል። ክፍሉ የመግዣ ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ካለው ግን፣ የሚሠራ ተራ ግፊት መለኪያ እስካለ ድረስ፣ ድሬፑን እናስቀድማለን።

መስመሩ ሲነካ የሚሆነው አስቀድሞ በአንድ ትሪ ወይም ሳጥን ተሰናድቶ መቀመጥ አለበት፤ ሳጥኑ አልጋው አጠገብ እንጂ ነርሶች ክፍል አይሁን። ውስጡ የሚከተለው ይኑር፦ ግራጫ ወይም አረንጓዴ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ሁለት፣ ኖርማል ሳላይን ወይም ሪንገር ቢያንስ ሁለት ከረጢት ከመስመሩ ጋር፣ ለ1 ግራም የሚበቃ ትራኔክሳሚክ አሲድ (አምፑሉ 500 ሚሊ ግራም ከሆነ ሁለት፣ ለድጋሚው ደግሞ ሌላ ሁለት)፣ 200 ማይክሮ ግራም ሚሶፕሮስቶል (ማህፀንን የሚያኮማትር እንክብል) አራት ፍሬ፣ የሽንት ካቴተር፣ ሲሪንጅ፣ ረጅም ጓንት። ኦክሲቶሲኑ ፍሪጅ ውስጥ ስለሆነ ሳጥኑ ክዳን ላይ «3 አምፑል ከፍሪጅ» ተብሎ ይጻፍ፤ 10 ዩኒቱ ለመጀመሪያው፣ 20 ዩኒቱ ለተከታዩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማህፀን ይታሻል፤ ያለው የረጋ ደም ይወጣል። ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት በደም ሥር፣ ከ200 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ሳላይን ውስጥ ሆኖ በ10 ደቂቃ ይገባል፤ ቀጥሎ 20 ዩኒት በ1,000 ሚሊ ሊትር በአራት ሰዓት። ትራኔክሳሚክ አሲዱ 1 ግራም በ10 ደቂቃ ቀስ ተደርጎ ይሰጣል። ይህ መድኃኒት ከወለደች ሦስት ሰዓት ሳያልፍ መጀመር አለበት፤ በ2017 ውጤቱ የወጣው፣ ከለንደን የተመራውና 20,060 እናቶችን ያካተተው ሙከራ ያሳየው ጥቅም በሦስት ሰዓት ውስጥ ለተሰጣቸው ነው። ከ30 ደቂቃ በኋላም ደሙ ካልቆመ ይደገማል። ኦክሲቶሲን ከሌለ አራቱ ሚሶፕሮስቶል ምላስ ሥር። ከዚያ መቀደድ እንዳለ፣ የእንግዴ ልጁ ሙሉ መሆኑ ይመረመራል፤ ካልቆመ ሰው ይጠራል። ኤርጎሜትሪን መደርደሪያ ላይ ካለ ግፊቷ ከፍ ላለ እናት አይሰጥም። እነዚህ አንዱ አልሠራ ሲል ሌላው የሚሞከርባቸው አይደሉም፤ ሁሉም በአንድ ላይ፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ ይጀመራሉ። የኢ-ሞቲቭ ሆስፒታሎች ከሌሎቹ የተለዩት በዚህ ነው።

የአየሩ ነገር ሁለቱን ከተሞች ይለያቸዋል። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል። ኮምቦልቻ ላይ መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ሲሞቅ መበላሸቱን ሁሉም ይጠረጥራል። ደሴ ላይ ግን «ብርድ ነው» ተብሎ አምፑሉ ትሮሊ ላይ ሲያድር ይታያል። የደሴ ብርድ የፍሪጅ ብርድ አይደለም፤ ብርሃንም ይጎዳዋል። በረዶ ክፍሉ ውስጥ ማስገባትም ያበላሸዋል። ለመከላከያነት ሙቀትን የሚቋቋመው ካርቤቶሲን 30 ዲግሪ ላይ የሚቀመጥ ስለሆነ የሚገኝበት ተቋም ቢያስብበት መልካም ነው። ሚሶፕሮስቶልን ደግሞ እርጥበት ያጠፋዋል፤ ከማሸጊያው የሚወጣው ሲሰጥ ብቻ ነው።

ደሴ ላይ ሌላም አለ። እናቲቱ እርጥብ ፕላስቲክ ላይ አንድ ሰዓት ስትተኛ ትበርዳለች፤ የቀዘቀዘ ሰውነት ደም ማርጋት ያቅተዋል። ከወገቧ በላይ ደረቅ ጨርቅ ይግባላት፣ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይደረብላት። ስትንቀጠቀጥም ብርድ ነው ብሎ ማለፍ አደጋ አለው፦ ሚሶፕሮስቶል ያንቀጠቅጣል፣ ደም ያለቀባት እናትም ትንቀጠቀጣለች። የሚለየው የልብ ምትና ከረጢቱ ነው።

መንገዱስ? የደም ባንኩ ያለው ደሴ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ሽቅብና ጠመዝማዛ ነው፤ ከሐርቡና ከደጋን የምትመጣዋ እናት ያንን የምትጀምረው ኮምቦልቻ ከደረሰች በኋላ ነው። ከባድ የወሊድ ደም መፍሰስ ያልታከመችን እናት በሁለት ሰዓት ገደማ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ድሬፑ ከሆስፒታል ይልቅ ለጤና ጣቢያ የበለጠ ይጠቅማል፤ 300 ላይ አምቡላንስ ለመጥራትና 900 ላይ ለመጥራት ያለው ልዩነት እዚያ መንገድ ላይ ነው የሚታየው። ሪፈር ወረቀቱ ላይ «ብዙ ደምቷል» ሳይሆን «650 ሚሊ ሊትር፣ በ40 ደቂቃ፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ ከ7፡20 ጀምሮ» ተብሎ ከተጻፈና ስልክ አስቀድሞ ከተደወለ፣ የሚቀበለው ሐኪም እናቲቱ ሳትደርስ ደም ያዘጋጃል። የቤልሺሎቹን አሠራር ወስዶ፣ አምቡላንሷ ሽቅብ ስትወጣ ደሙን ከላይ ቁልቁል ልኮ መንገድ ላይ መገናኘትን ማሰብ ለዞኑ ከባድ ነገር አይደለም ብለን እናምናለን። በጉዞው ላይ ፀረ ሾክ ልብስ (እግርንና ሆድን ጨምቆ የሚይዝ ልብስ) ካለ ትልበስ፤ ከሌለ አንድ ሰው ማህፀኑን በሁለት እጁ ጨምቆ ይዞ መሄድ አለበት፣ ድሬፑም አብሯት ይሂድ።

አማራጩ ምንድን ነው ለሚል፦ ንጹሕ ላስቲክ፣ ጆግና ሚዛን። ይቻላል፣ ከዓይን ግምት በብዙ ይሻላል፤ ነገር ግን ደሙ ተሰብስቦ፣ ተቀድቶ፣ ተመዝኖ ቁጥሩ የሚታወቀው ካለቀ በኋላ ነው። ድሬፑ እየፈሰሰ ሳለ ይናገራል። ለቀዶ ጥገና ወሊድ ግን ይህ ድሬፕ አይሆንም፤ እዚያ የሳክሽን (የደም መምጠጫውን) ጠርሙስ ማንበብና ጎዙን መመዘን ነው።

ለሞት ምርመራው ኮሚቴም ይጠቅማል። አገራችን የእናቶችን ሞት መመርመር ሥርዓት አድርጋ የጀመረችው በ2013 ነው፤ ብዙ ጊዜ ስብሰባው የሚደናቀፈው ካርዱ ላይ «ደም ፈሷታል» ከሚል በስተቀር ስለማይገኝ ነው። በእናቲቱ ካርድ ላይ አምስት ሰዓቶች ቢጻፉ ይበቃል፦ የወለደችበት፣ 300 የነካበት፣ 500 የነካበት፣ ኦክሲቶሲኑ የተጀመረበት፣ ትራኔክሳሚክ አሲዱ የተጀመረበት። በሕይወት የተረፉትንም በዚሁ ማየት ይቻላል።

ስለ ግዢው። ናሙና ሳይሞከር አይገዛ። ከእያንዳንዱ ካርቶን ሁለት ሦስት አውጥቶ አንጠልጥሎ በ50 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ውሃ መጨመር ነው፤ ስድስት ጊዜ 300፣ አሥር ጊዜ 500። የሳላይን ከረጢት ለዚህ አይሆንም፣ ከተጻፈበት ትንሽ ስለሚበልጥ። ስፌቱ ወይም ብየዳው የሚያፈስ፣ ውሃው ከመስመሩ ጎልቶ የሚበልጥ ወይም የሚያንስ ከሆነ ካርቶኑ ይመለስ። ቀለሙ በእርጥብ ጓንት ሲታሽ የሚለቅ ከሆነም እንዲሁ። በየፓኬቱ የታሸገና የማብቂያ ቀን ያለው ይመረጣል። ታጥቦ ድጋሚ መጠቀም የለም፦ እጥፋቱ ውስጥ የቀረ ደም በክሎሪን አይጸዳም፣ መስመሩም ይለቃል። ሲወገድ አፉ ታስሮ ወደ ማቃጠያ ይሄዳል፤ ስለዚህ አቅራቢውን ፕላስቲኩ ፖሊኤቲሊን መሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል፣ ፒቪሲ ሲቃጠል ጭሱ መርዝ ነውና።

ብዛቱን በወሊድ ቁጥር ያስሉ እንጂ «ለአደገኛ እናቶች ብቻ» ብለው አይቆጥቡ፤ ከሚደሙት አብዛኞቹ አስቀድሞ ምንም ምልክት አልነበራቸውም። በወር 120 እናቶችን በተፈጥሮ መንገድ የሚያዋልድ ክፍል ከመጠባበቂያው ጋር 132 ያስፈልገዋል። ትሪው ገና ያልተሟላለት ክፍል ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያውን ወር በጀት ለትራኔክሳሚክ አሲድ፣ ለካኑላና ለፍሪጁ ቴርሞሜትር ያውለው፤ ድሬፑን በቀጣዩ ወር ይዘዝ።